ለጳጉሜ ልጅ የግንቦት ድንጋይ

ለወንድሜ ለቢያድግልኝ፤

ሰላምታዬ ዱባይ ድረስ ይድረስህ፤ ስልክ ባታነሣ ደብዳቤ ታነብ ይሆናል። እኛ ተመስገን ነው፤ እርሻውም ተጀምሯል።

ለእማዬ የላክኸው ቀለበት ደረሰ። «የተወለድሽበት የግንቦት ድንጋይ ነው፤ መረግድ ጤና ይሰጣል» ብለሃል። የወለደችህ እናት መቼ እንደተወለደች ሳታውቅ ቀለበት ታሠራለህ? የጳጉሜ ልጅ ናት! ፈረንጅ ለየልደት ወሩ የመደበው ድንጋይ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው፤ ለዐሥራ ሦስተኛ ወር የለውም። የደብረ ወርቁ የኔታም «በአሮን ደረት ላይ የነበሩት ዐሥራ ሁለቱ ዕንቁዎች የነገድ እንጂ የወር አይደሉም» ብለው ሳቁብህ።

እሷ ግን ልጄ የላከውን አላወልቅም አለች። በድሮው ጣቷ ልክ ነው ያሠራኸው፤ አሁን ከአውራ ጣቷም እየወለቀ ስላስቸገረ በክር አስሬላታለሁ።

ደግሞ «ለጳጉሜ ሌላ እልካለሁ» እንዳትል። ድንጋይ በቃን። ራስህ ና፤ መንገዱን ያቅናልህ። ጳጉሜን ግን አትጠብቅ።

የተቀየመችህ እህትህ
የዓለምዘርፍ፣ ከሉማሜ