ተልባ ያልፈታው ሆድ

ሰኞ
ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ጺሜን ራሴ እላጫለሁ። ጋቢዬን ራሴ አጥባለሁ። እስከ ቁስቋም ማርያም በከዘራ እወጣለሁ። ሽመናውን ግን ትቻለሁ፤ ወገቤ ላይ ዕጢ አለ። ለሕመሙ ሞርፊን የሚባል ሽሮፕ ሰጥተውኛል። ወገቤ ዝም አለ። ሆዴ ደረቀ። ሽንት ቤት እቀመጣለሁ፣ ምንም። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ። ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ
ተልባ ጠጣሁ፣ ሁለት ኩባያ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ።
ባለቤቴ አስካለም ከመሞቷ በፊት በነበሩት ወራት ይሄንኑ ሽሮፕ ነበር የምትጠጣው። «ሆዴ ታሰረ» ስትለኝ፣ «በሽታው ነው፣ ቻይው። ይሄ ለሐኪም አይነገርም» አልኳት። ተልባውንም የበጠበጥኩላት እኔ ነኝ።
ዛሬ ከመጋረጃው ጀርባ ስታቃስት ሰማኋት። ተነስቼ ገለጥኩት። ማንም የለም።

ረቡዕ
ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀመስኩም። ሆዴ ይፈታ ብዬ ሽሮፑን ተውኩት። ወገቤ ጮኸ። እኔ አልጮህኩም።
ልጄ አልማዝ ጠርሙሱ አለመጉደሉን አየች።
«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»
«ምንም።»
«እማዬም ምንም ትል ነበር።»
ነገ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች።

ሐሙስ
ሐኪሟ የልጅ ልጄን ታህላለች። አልማዝን አስወጣኋት።
«አባባ፣ ሰገራ ከወጡ ስንት ቀንዎ ነው?»
«ዘጠኝ።»
«ያስመልስዎታል? ፈስስ ይወጣል?»
«እንኳን ፈስ፣ ክብሬም ወጥቷል።»
ሳቀች። ሆዴን ተጫነችው። ከዚያ ጓንት አድርጋ ከታች ፈተሸችኝ። ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ቻልኩት።
«ደርቆ ተጠቅጥቋል» አለች። «ሽሮፑ አንጀትን ያስተኛል። የሚያመጣው ማቅለሽለሽ ከጊዜ ጋር ይለመዳል፣ ድርቀቱ ግን አይለመድም። ተልባው በተኛ አንጀት ላይ ጭነት ነው፣ ይተዉት። ሽሮፑን ግን እንዳያቆሙ። አንጀት የሚቀሰቅስ ክኒን በየማታው አብረው ይውሰዱ። ውሃ ይጠጡ፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።»
ጠየቅኳት፦ «አንዲት ሴት፣ ይሄንኑ ሽሮፕ የምትጠጣ፣ ለሐኪም ተናግራ ቢሆን ይቀልላት ነበር?»
እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አዎ አባባ። ይቀልላት ነበር።»
ነርሱ ከታች በኩል ማለስለሻ መድኃኒት አስገባልኝ።

ዓርብ
ጠዋት ወጣልኝ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ስለቀለለኝ መሰለኝ። አይደለም።
ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። ለንስሐ አባቴ መናገር። ወደ አስካለ መቃብር ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ። ለአልማዝ፣ እናትሽን ዝም ያሰኘኋት እኔ…
አሁን አልማዝ ራሷ ውሃ ይዛ ገባች። «ምን እየጻፍክ ነው?»
«ቁጭ በይ» አልኳት።