«ደህና ነኝ» ያሉት እናትህ

የካ፣ የካቲት 6 ቀን 1956። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ጋቢ ሸጥኩ።

ወዳጄ ጎበና፣

እናትህን ልጠይቅ እንጦጦ ሥር ወዳለው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላቸው፣ እንደ አገራችን ወግ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ስላሉት ሊያሰናብታቸው ነበር። ስለ በሽተኛ አያያዝ ጥናት የምትጽፈው ነርስ ፈትለወርቅ ግን «እማማ፣ ሲተኙ በየትኛው ጎንዎ ይመችዎታል?» አለቻቸው።

«በየትኛውም። ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው» አሉ።

እንደገና ሲመረመሩ ሳንባቸው መታመሙ ታወቀ፤ መርፌ ተጀመረላቸው። ዛሬ ትንፋሻቸው ተመልሶ፣ «ይቺ ልጅ ቄስ ብትሆን ኖሮ ኃጢአቴን ሁሉ ታወጣጣኝ ነበር» እያሉ ያስቁናል። እሷም ጥያቄዋን ለነርስ ተማሪዎች ልታስተምር ነው። እኔም ጋቢ የሚገዛኝን ደንበኛ «ተስማማዎት?» ማለት ትቼ «ሲለብሱት የቱ ጋ ያጥርብዎታል?» እላለሁ።

ባለቤትህን ዲንቄንና ልጆቹን ሳምልኝ። ሐኪሙ ስለፈቀደላቸው፣ ነገ ወደ እናንተ ለመምጣት ለእናትህና ለእኔ የአውቶቡስ ትኬት እቆርጣለሁ።

ገብረማርያም