ስለ ተዘዋዋሪው የቦይ ክዳን እና ስለታሸገው ጋዜጣችን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14። የጠዋቱ ገበያ፦ ሳሙና፣ ሻማ፣ ግማሽ ሊትር ዘይት። ከደጃፌ የቆመው ሰው ግን ከገዢው ይበልጣል፤ ሁሉም የሚጠይቀው ጋዜጣው ለምን እንዳልተለጠፈ ነው። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ የዛሬውን የደብተሬን ገጽ ለእርስዎ አውጥቼዋለሁ።

ለተከበሩ የሰፈራችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። እግርዎም እንደ ልብዎ የጸና እንዲሆን እመኝልዎታለሁ፤ በእኛ መንገድ ለሚያልፍ ሰው ከዚህ የተሻለ ምኞት የለኝምና።

እኔ በታችኛው መንገድ መታጠፊያ ላይ ያለሁት ባለሱቅ ነኝ። ሰፈሩ «እትዬ ጋዜጣ» የሚላቸው ጡረተኛዋ አስተማሪ በልብስ ሰፊው ጓዳ ሆነው በየሳምንቱ የሚያዘጋጁት ባለ አንድ ቅጠል ጋዜጣ የሚለጠፈው በእኔ ግድግዳ ላይ ነበር። ትላልቆቹ ጋዜጦች ወደ እኛ ሰፈር የሚመጡት ዕቃ መጠቅለያ ሆነው ብቻ ስለሆነ፣ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚለቀቅ፣ የጤና ጣቢያው ሐኪም መቼ እንደሚገባ የምናውቀው ከዚህችው ቅጠል ነበር። ስለዚህ የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

፩. በወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ቦይ ክዳን እንደሌለው ጋዜጣው በጻፈ በሦስተኛው ቀን ክዳን ስላለበሱትና አጠገቡ ቆመው ፎቶግራፍ ስለተነሱ ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ከመሥሪያ ቤትዎ አይተን ስለማናውቅ አንዳንዶቻችን ምን መጣ ብለን ደንግጠን ነበር።

፪. ክዳኑ ግን ሠራተኞችዎ ማልደው ከእኔ ደጃፍ ቦይ ላይ አንስተው የወሰዱት ነው። አምና የሱቄን መዝጊያ አረንጓዴ ስቀባ ቆርቆሮው ተገልብጦ የፈሰሰበት ቀለም እስካሁን አልለቀቀም፤ በፎቶግራፉም ላይ ከሚያብረቀርቀው ጫማዎ ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አማቴ እንደ ለመዱት ክዳኑን ረግጠው ሊሻገሩ እግራቸውን ሲሰነዝሩ፣ ክዳኑ ከእርስዎ ጋር ፎቶ በመነሳት ላይ ነበር። አሁን ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። አልጋቸው ላይ ሆነው የሚሉትን ሁሉ ይህ ወረቀት ስለማይችለው፣ «እባካችሁ ያንን ሰውዬ አንድ ቀን ብቻ በዚህ በኩል አሳልፉልኝ» ማለታቸውን አደርስዎታለሁ።

፫. እትዬ ጋዜጣ ይህንኑ እንደሆነው ጻፉ፤ ክዳኑ ያለበትን ፎቶና ክዳኑ የሌለበትን ደጃፌን ጎን ለጎን አወጡ። ስድብ የለበትም፤ ትንሽ ጨምሩበት ብዬ ብለምናቸው «ሱቅህን ጠብቅ» ብለውኛል። እርስዎም ክዳኑን በመመለስ ፈንታ ክፍላቸውን አሸጉ። ለቦይ የሚሆን አንድ ክዳን ያጣ ጽሕፈት ቤት ለአንዲት ጓዳ ሰንሰለት፣ ቁልፍና ማኅተም በአንድ ጠዋት ማሟላቱ፣ ሲፈልግ መሥራት እንደሚችል ስላሳየን ሰፈሩ ኮርቷል።

፬. ሠራተኞችዎ ከጋዜጣው ጀርባ ማን እንዳለ ጠይቀውኛል። ነጋዴ ነኝና ጥያቄውን አልንቀውም፤ እኔም ማን ምን እንደሚያተርፍበት ለማወቅ ብዙ ጊዜ አድፍጫለሁ። ማንም አያተርፍበትም። ወረቀቱን የምናዋጣው እኛ ነን፤ እትዬ ጋዜጣም የሚጽፉት ያለ ክፍያ ነው። ከጀርባው ያለው የልብስ ሰፊው ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ተሰንጥቋል።

፭. በዚያች ጓዳ ለማሳጠር ያስገቡት ግራጫ ሱሪዎም አብሮ ታሽጓል። ልብስ ሰፊው ይቅርታ ጠይቆ፣ ማኅተም መቅደድ ወንጀል መሆኑን ከእርስዎው ሠራተኞች እንደተረዳ እንድነግርዎ ልኮኛል።

እንግዲህ ክዳኑ ወደ ደጃፌ፣ ቁልፉም ወደ እትዬ ጋዜጣ እንዲመለስ እየለመንኩ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብዬ፣ ዝቅ ስልም የምረግጠውን እያየሁ፣ ዘወትር አገልግሎትዎን ከሚጠብቁ ጎረቤቶቼ ሁሉ ጋር እጅ እነሳለሁ።

የታችኛው መንገድ ባለሱቅ

የተረሳ ነገር፦ ጓዳውን ሲያሽጉ ያወጡት ትእዛዝ የታተመ ወረቀት በግድግዳ ላይ መለጠፍን ይከለክላል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የሱቅ መዝጊያንና ጠመኔን አያነሳም። እትዬ ጋዜጣ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጠመኔ የጻፉ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ዜና ክዳኑ የት እንዳደረ ይሆናል።

ነገ ጠዋት፦ ጥቁር ቀለም፣ ብሩሽ፣ አንድ ፓኬት ጠመኔ መግዛት። ለአማቴ ምርኩዝ።