ናፖሊን ለመጎብኘት

ጎንደር፣ ጥር 16 ቀን 1949 ዓ.ም.

ባለቤቴ የዓመት ፈቃዱን አግኝቶ ለአንድ ሳምንት የኢጣሊያን ከተማ ናፖሊን ሊያስጎበኘኝ አስቧል። ዛሬ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በባሕሩ ዳር የምንሸራሸርበትን መንገድ ሲያሳየኝ፣ እናቴ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣች። የት እንደምንሄድ ነገርኳት።

«ምነው ልጄ፣ ወንድምሽን በመርከብ የወሰዱት ወደዚያ አይደል?» አለችኝ።

ወንድሜ በጠላት ጊዜ ተማርኮ እንደ ሄደ አልተመለሰም። አትሂዱ ትለናለች ብዬ ስፈራ፣ ወደ ካርታው ቀረበች። ማንበብ አትችልም።

«የታሰረበት የቱ ጋ ነው?»

ባለቤቴ አያውቅም። እኔም አላውቅም። ጭንቅ ቢለኝ ግን ከባሕሩ አጠገብ አንድ ቦታ በጣቴ አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ሳመችው።

ስመለስ «ምን አየሽ?» ብትለኝ ምን እላታለሁ?