በሳጥን ውስጥ የጻፍኳቸው ስሞች

ዶሮ ማነቂያ፣ ሰኔ 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለተክላይ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ የሶፊያ ብርድ ለቀቀህ ወይ? ይህችን ደብዳቤ ወይንሸት ለነርስነት ትምህርት ስትመጣ በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ ታደርስልሃለች። በፖስታ የምልክልህ ሁሉ ስለሚከፈት እውነቱን በዚህችው ልንገርህ።

መሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ፕሮግራም ከመጻፌ በፊት አወቃቀሩን መንደፍ እንድለምድ የመለማመጃ ጥያቄዎች ልከህልኝ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱን ጥያቄ በሁለት ቀን ጨረስኩት፤ ጎሽ በለኝ! የመልእክት ማስተላለፊያው ግን ራሴን አዞረው። «ሥራውን ለክፍሎች አከፋፍይ፤ እያንዳንዱ ክፍል ከጎረቤቱ በቀር ሌላውን አይወቅ» ብለሃል። ክፍል ሀ፣ ክፍል ለ እያልኩ ቢምታታብኝ የሰፈራችንን ሰዎች ስም ሰጠኋቸው። ሐዱሽ ይቀበላል፣ ምብራት ትመዘግባለች፣ አጽብሐ ያስተላልፋል። ሳጥንና ቀስት አድርጌ ሣልኩና እንድታርምልኝ በፖስታ ላክሁልህ። እኔ ሞኟ!

የደኅንነት ሰዎች እጅ ገባ። ባለፈው ዓርብ አጽብሐን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ካለው ሱቁ ወሰዱት፤ ሐዱሽንና ምብራትን በማግስቱ። ከዚያ እኔን ጠርተው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልኝ። «ይህ የወንበዴ መረብ ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዳያውቅ የተደረገውም ለዚህ ነው» አሉኝ። «ኧረ የቤት ሥራ ነው! የሣልኩት እኔ ነኝ፤ ሰዎቹ ምንም አያውቁም» ብዬ ማልኩ፣ አለቀስኩ። አንደኛው ሳቀብኝ። «ጥያቄውን የላከልሽስ ማነው?» አለ። ስምህን ነገርኳቸው፣ ተክላይ። ከፖስታው ላይ ያውቁት ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ ከአፌ ግን ወጥቷል።

የአጽብሐ ሚስት ጠዋት በር ላይ ስታገኘኝ አሁንም ስማኝ ነው የምታልፈው። አላወቀችማ። ዓይኗን ማየት አቅቶኛል።

አሁን የሚፈልጉት አንተን ነው። እኔን የለቀቁኝ «እናታችን በጠና ታማለች፣ ድረስ» ብዬ እንድጽፍልህ ነው። ሰኞ አጠገቤ ቆመው ያጽፉኛል፤ ምን ላድርግ? የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነው፣ ለቅሶውም የእኔ ነው። ያቺን ደብዳቤ እንዳታምናት! እናታችን ደህና ናት፤ ትናንት እንኳ ለሥላሴ አስቀድሳ በእግሯ ተመለሰች። ለክረምቱ ትመጣለህ ብላ ፍራሽህን ስታድስ ሰነበተች፤ እኔም እውነቱን ሳልነግራት ጥጡን አብሬያት አፍታታሁ። እባክህ ወንድሜ፣ እዚያው ቅር።

አንድ አደራ ብቻ። እናታችን ሰባ አልፏታል። የእውነት የታመመች ቀንም የምጽፍልህ ይህንኑ ቃል ነው። ያኔም አትምጣ።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ በሰው አገር ሰው ይስጥህ።

እህትህ ለተሚካኤል