በአክብሮት ቴል አቪቭ ገባን

እሑድ፣ ኖቬምበር 30

ከፋብሪካ ወጥቼ፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ የወላጆች ስብሰባ። መምህርት ሂላ ገና ሳልቀመጥ ፈገግ አለችልኝ። መጥፎ ምልክት! ልጅሽ ኤሊያና ጨዋ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ጓደኞች አሏት... ግን ሦስተኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም አለችኝ። «ማንበብ መቻሏንም እርግጠኛ አይደለሁም።»

ማንበብ! ይቺ ልጅ የሻምፑውን ጠርሙስ አንብባ ሳትጨርስ ራሷን አትታጠብም እኮ።

ከሐኑካ በዓል በኋላ ለውጥ ካልታየ፣ ማንበብ ለሚቸግራቸው ልጆች ወደተዘጋጀው ቡድን ትዛወራለች። ቡድኑ ክፉ ሆኖ አይደለም። ቦታዋ አይደለም። ምን ላድርግ ብላት ምክር አዘነበችብኝ። ሽርሽር ውሰጃት፣ የመንገድ ጽሑፍ አስነብቢያት፣ ጉዞውን እሷ ትምራው፣ ጠይቂያትና መልሱን አትንጠቂያት።

አልነጥቅም? እኔ ሙሉሽ?

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

ሱፐርማርኬት ውስጥ ጀመርኩ። «የትኛው እርጎ ነው ስኳሩ ያነሰ?» አልኳት። ዝም። እኔም ዝም። ምላሴን ነክሼ ያዝኩ። ከኋላችን ሰው ተጠራቀመ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ትዕግሥታቸው አልቆ «ሰማያዊው ነው፣ ሰማያዊው!» ብለው ጮኹ። ሰማያዊውን ይዤ ወጣሁ።

ውጪ ስንደርስ እጄን ሳብ አድርጋ በሹክሹክታ፣ «ኢማ፣ አረንጓዴው ነበር።»

ታዲያ እዚያ ምን ዘጋት?

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ለሐኑካ እረፍት ቤርሼባ መካነ እንስሳት እንሄዳለን፣ አዞ ልናይ። ኤሊያና ናት የመረጠችው። ባሌ አለበል ሥራ ስለሆነ እኔና እሷ ብቻ... ብለን ነበር። የአለበል አባት፣ አባባ ቢምረው፣ ወሬው ደረሳቸው። «ሴትና ሕፃን ብቻቸውን? እኔ እመራችኋለሁ!»

የምትመራው ኤሊያና ናት ብሎ ማን ይንገራቸው?

«አንቺ ንገሪያቸው» አለ አለበል።
«አባትህ እኮ ናቸው!»
«አማትሽ እኮ ናቸው!»

ማንም አልነገራቸውም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 18

ምኑን ልጻፈው...

አባባ ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከእኛ ቀድመው ባቡር ጣቢያ ተገኙ። እኔ ደግሞ የተጠበሰ ዶሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ ተሸክሜያለሁ። ለአንድ ቀን ነው የምንሄደው፣ ምግቡ ግን ለስደት ነበር። ባቡር ሲመጣ አባባ በከዘራቸው ጠቆሙና «ይሄ ነው፣ ግቡ!»

ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁ። ቴል አቪቭ ይላል። የቤርሼባው ባቡር ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ ነው። አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ለአባባ «ተሳስተዋል» ብዬ አላውቅም። ምናልባት እኔ የማላውቀው ነገር ያውቁ ይሆናል አልኩ። የባቡር ነገር! ኤሊያና አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ገባን።

እንቁላል ልጬ ፊት ለፊታችን ለተቀመጠው ወታደር ሳይቀር ሰጠሁ። ሳይጠግብ አልቀረም፣ ወዴት ናችሁ ብሎ ጠየቀ።

«ቤርሼባ፣ አዞ ልናይ» አሉ አባባ በኩራት።
«ሳባ፣ ይሄ እኮ ቴል አቪቭ ነው የሚሄደው» አለ፣ አያቴ ማለቱ ነው።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ፣ ሰሌዳውን አላነበብሽም?»
«አንብቤያለሁ።»
«ታዲያ?»
«እርስዎ ግቡ አሉ...»
«እኔማ ከተቀመጥኩ በኋላ ፀሐይዋ በማይሆን ጎን መጣችብኝ። ግን አንቺ ዝም ስትዪ፣ አንብባ ነው፣ ታውቃለች ብዬ እኔም ዝም!»

ይሄኔ ከመስኮቱ ጥግ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እኔም ሳንገባ አንብቤዋለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?» ብዬ ጮህኩባት። ምን ፊት አለኝ!

«ትልቅ ሰው አይታረምም ብለሽኛል። መምህርት ሂላም ሰሌዳ ላይ ስትሳሳት ዝም ነው የምላት።» ትንሽ አሰበችና «ብዙ ትሳሳታለች» አለች።

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላችው። ለጨዋነት ብዬ ያስተማርኳት ነገር አፏን ለጉሞት ኖሯል። ልጄን ደካማ ያስባልኳት እኔው ነኝ። ከዚያ ደግሞ ሦስታችንም አውቀን፣ ተከባብረን፣ በተሳሳተ ባቡር መሄዳችን ትዝ ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ወታደሩን እንቁላሉ ትን አለው።

አባባ አልሳቁም። «ስሚ ልጄ፣ ሽማግሌ ገደል ሲገባ ቆሞ ማየት አክብሮት አይደለም። ብድግ በይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ በይ፣ ከዚያ እንደፈለግሽ አርሚ።» ከዚያ የመልሱን ጉዞ አንቺ ምሪ አሏት።

ቴል አቪቭ ጣቢያው ወንበር ላይ ዶሯችንን በላን። አዞ የለም። ኤሊያና ሰሌዳ አነበበች፣ ባቡር መረጠች፣ ከተማችን ቂርያት ጋት አስገባችን። መንገድ ላይ ብድግ እያለች «ሳባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሸሚዝዎን አዛንፈው ነው የቆለፉት።» «ሳባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንኮራፍተዋል።»

ዓርብ፣ ዲሴምበር 19

ኤሊያና ቤት ውስጥም ማረሟን አላቆመችም። ጨው በዛ። ጸጉሬ አላማረም። አለበል በተሳሳተ እግሩ ካልሲ አጥልቋል... ካልሲ ቀኝና ግራ አለው እንዴ?

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 25

መምህርት ሂላ ሥራ ቦታ ደወለች። ኤሊያና ክፍል ውስጥ ብድግ ብላ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ሰሌዳው ላይ ያለ የሒሳብ ስሕተት አርማለች! ከዚያ ሌላ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። የቡድኑ ነገር ቀርቷል። «ደስ ብሎኛል» አለች ሂላ፣ ድምጿ ግን ትንሽ ደክሟል።

ማታ አባባ ደወሉ። ለሚቀጥለው ሽርሽር ወስነዋል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ኢየሩሳሌም፣ ሙሉ ቀን በእግር። ስልኩን ይዤ ብድግ አልኩ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ይሄን አልችልም።»

በረጅሙ ተነፈሱ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ! እኔም ጉልበቴን ያመኛል፣ አንቺ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው።»