አባዬና የቤተ መንግሥቱ መስኮት

ሰኞ፣ ሰኔ 2፣ 89። ኦክላንድ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ሻንጣውን እንደገና ፈታሁት። አባዬ ሱፋቸው ከነክራባቱ ከላይ ይሁን ብለዋል። ቪየና ወንድሜ ዘንድ፣ ለልጁ ክርስትና ነው የምንሄደው። እሳቸውን የያዛቸው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ የድሮ ነገሥታት ግቢ አለ መባሉ። አዲስ አበባ፣ ቤተ መንግሥት፣ ሃያ ዓመት አትክልተኛ ነበሩ። ውስጡን አንድም ቀን አላዩትም።

ደብተሬ፣ ላንተ ልናዘዝ። የአትክልት መቀሳቸውን የደበቅሁት እኔ ነኝ። አልጋዬ ሥር ነው። የአፓርትመንቱን አጥር ሳያስፈቅዱ ከረከሙና ማናጀሩ ዋርኒንግ ላከ። ጠፋ አልኳቸው። አንድ ወር ፈለጉት፣ ከዚያ ዝም። አሁን ከቤትም አይወጡ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6። ቪየና

ገባን! ቱሪስቱ በቁምጣ፣ አባዬ በሙሉ ሱፍ። በሩ ላይ ባርኔጣ አወለቁ። ቤተ መንግሥት ባዶ እጅ አይገባም ብለው ብርቱካን ይዘዋል። ማን ይቀበላቸው? ንጉሥ የለ። ቲኬት ቆራጯ ሳቀችና አንዱን ወሰደች።

ወርቅ፣ መስታወት፣ ጣሪያው ላይ መላእክት። አንገቴ ሊቀነጠስ። ማን የት ተኛ? ሽንት ቤታቸውስ የት ነበር? እኔ ይህን ስጠይቅ አባዬ መስኮት ላይ ቀሩ። ታች ግቢው ተዘርግቷል፤ አበባው ጥልፍ፣ ዛፉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ። ለካ ውበቱ ከዚህ ሲታይ ነው፣ አሉ። ሃያ ዓመት ከታች ሆነው ሲከረክሙ ኖረው!

ወረድን። ያን ያህል ከፍታ በምን ደርሰው ይቆርጡታል? አትክልተኛ ፈልጊልኝ አሉ። ሰውዬው ጎማ ያለው ረጅም መሰላል አሳየን። በምን ቋንቋ እንደተግባቡ እንጃ። የሰውዬውን መቀስ ተቀብለው ከፈት ዘጋ አደረጉና ዘይት ጎድሎታል አሉ። አልጋዬ ሥር ያለው ትዝ አለኝ፤ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12። ኦክላንድ፣ ከሥራ መልስ

ነገርኳቸው። እኔ ነኝ የደበቅሁት አልኩ። ቀና ብለውም አላዩኝ።

“አውቃለሁ። ቤት ስጠርግ አገኘሁት። እንዳይዝግ በየሳምንቱ ዘይት እየቀባሁ እመልሰዋለሁ።”

ለምን ዝም አሉ? አንቺ ከፈራሽ ይቅር ብዬ ነው፣ አሉ። አለቀስኩ። መቀሱን አወጣሁት፤ እውነትም ያብለጨልጫል።

ነገ ሥራ ከመግባቴ በፊት ማናጀሩ ቢሮ እንሄዳለን። ኃላፊነቱን እኔ እፈርማለሁ፣ አጥሩን እሳቸው ይከርክሙ። አባዬ ከወዲያ ክራባቴ የታለ እያሉ ይጣራሉ። ቢሮ እንጂ ቤተ መንግሥት አይደለም ብላቸው ማን ሰምቶኝ። መጣሁ አባዬ!